የእልፍኝ ሚዛን

ሚዛን በገበያ ብቻ የሚገኝ ዕቃ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነጋዴው ቡናውን፣ አንጥረኛው ወርቁን ሲመዝንበት ይታያልና። ዳሩ ግን ፈጣሪ በሰው ዓይን ውስጥ ሌላ ሚዛን አኑሯል። ይህ ሚዛን ሰንሰለትና ሳሕን የለውም፤ ሰው ወደ አንድ እልፍኝ በገባ ጊዜ ግን ማንም ሳያዘው ሥራውን ይጀምራል። እንግዳው ገና ከደጃፉ ሳያልፍ «ይህ ቤት በቀኝ በኩል ከበደ፤ በግራ በኩል ቀለለ» ይላል፤ ወይም ምክንያቱን ሳያውቀው ደስ ይለውና አረፍ ብሎ ይቀመጣል። እንግዲህ ዓይን በቤት ውስጥ ሚዛን ሲፈልግ የሚፈልገው ምንድን ነው? ይህስ ነገር የዓይን ጕዳይ ብቻ ነውን ወይስ የልብም ጕዳይ ነው? ቤት ማስጌጥን እንደ ከንቱ ነገር የሚንቁትም፣ ከሁሉ አብልጠው የሚያከብሩትም ይህን ጥያቄ ሳይመረምሩ ያልፋሉና ነገሩን በዝግታ መመልከት ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ የቃሉን ፍቺ ማወቅ ይጠቅማል። በብዙ ሰው አሳብ ሚዛን ማለት ሁለቱን ወገን አንድ ዓይነት ማድረግ ነው። ስለዚህ በቀኝ አንድ ወንበር ቢያኖር በግራም መንትያውን ያኖራል፤ በቀኝ አንድ ሥዕል ቢሰቅል በግራም የዚያኑ ልክ ይሰቅላል፤ ይህንም ካደረገ በኋላ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። ነገር ግን የገበያው ሚዛን ራሱ ይህን አሳብ ይቃወማል። ስለ ምን ቢሉ፣ ባለሚዛኑ በአንዱ ሳሕን ብረት በሌላው ሳሕን ቡና ያኖራል እንጂ በሁለቱም ብረት አያኖርም። ብረትና ቡና በመልክም በግብርም አይመሳሰሉም፤ ሚዛኑ ግን ይቆማል። የጥንት ግሪኮችም «ሲሜትሪያ» ይሉት የነበረው ቃል ፍቺው «አብሮ መለካት» ነው፤ ይኸውም የአንድ ሥራ ክፍሎች እርስ በርሳቸውና ከመላው ሥራ ጋራ በልክ መስማማታቸውን የሚያስረዳ ነበር። ቀኙ የግራው ቅጂ ይሁን የሚለው የጠበበው ትርጕም የመጣው ኋላ ነው። በአማርኛም «መመጣጠን» የሚለው ቃል ከ«መጠን» የተገኘ ነው፤ መጠኑን ያገኘ ነገር ሌላውን መምሰል ሳያስፈልገው ከሌላው ጋራ ይስማማል።

ዓይን የሚመዝነው ክብደት እጅ ከሚመዝነው ክብደት ይለያል። በዓይን ዘንድ ትልቁ ዕቃ ከትንሹ ይከብዳል፤ በነጣ ግድግዳ ፊት የቆመ ጥቁር ዕቃ ከፈዛዛው ይከብዳል፤ ቀይ ቀለም ከሰማያዊው ይከብዳል፤ ጌጥ የበዛበት ምንጣፍ ከልሙጡ ይከብዳል። ብቻውን የቆመ ዕቃም በብዙ ዕቃ መካከል ከተቀመጠው ይልቅ ዓይንን ይስባል። የሰው መልክ ያለበት ሥዕል ደግሞ ትንሽ ቢሆን እንኳ ከትልቅ ሣጥን ጋራ ይመዛዘናል፤ ሰው በሄደበት ሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው የሰውን ፊት ነውና። ሩዶልፍ አርንሃይም የሚባል፣ በጀርመን አገር ተወልዶ ኋላ በአሜሪካ ያስተማረ ሊቅ፣ ስለ ሥነ ጥበብና ስለ ዓይን አስተያየት በጻፈውና እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 በታተመው መጽሐፉ ይህን ነገር በሰፊው አስረድቷል። ከመካከል የራቀ ነገርም ክብደቱ እንደሚጨምር ገልጿል። ይህ አንድ ክንዱ አጭር፣ አንድ ክንዱ ረጅም በሆነው ሚዛን ይታወቃል፤ በአጭሩ ክንድ ሙሉ ጆንያ ተንጠልጥሎ ሳለ በረጅሙ ክንድ ያለች ትንሽ ብረት ወደ ጫፍ በተገፋች ጊዜ ጆንያውን ታነሣዋለች። እንደዚሁ በእልፍኝ ውስጥ ወደ መካከል የቀረበ ትልቅ ሶፋ፣ በሩቁ ማዕዘን ካለች ትንሽ ወንበር ጋራ ሊመዛዘን ይችላል።

የቤት ማስጌጥን ጥበብ የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ሚዛን በሦስት ይከፍሉታል። አንደኛው ቀኝና ግራ ፍጹም የሚመሳሰሉበት ነው። ሁለተኛው ቀኝና ግራ ሳይመሳሰሉ በክብደት የሚስማሙበት ነው። ሦስተኛው ሁሉ ነገር በአንድ መካከል ዙሪያ የሚሰበሰብበት ነው። ይህ ሦስተኛው ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ የገጠሩ ክብ ቤት በምሰሶው ዙሪያ ቆሞ፣ መደቡ ግድግዳውን ተከትሎ ዞሮ ይገኛልና። መሶቡም በቀረበ ጊዜ ሰዎች ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ በመሶብ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው «እኔ በቀኝ ነኝ፤ አንተ በግራ ነህ» ሊል አይችልም። ሁሉም ከእንጀራው እኩል ይርቃል፤ እኩልም ይቀርባል። ይህን ሚዛን የሠሩ ሰዎች ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ አብሮ ከመብላት ተማሩት እንጂ።

የቅዱሳት መጻሕፍትን ነገር ለሚያውቅ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሚዛኖችም የታወቁ ናቸው። በኦሪት ዘፀአት ስለ ድንኳኑ ሥራ በተሰጠው ትእዛዝ በስርየት መክደኛው ላይ ሁለት ኪሩቤል ፊት ለፊት እንዲተያዩ ተደረገ፤ ይህ የሚመሳሰሉት ነገሮች ሚዛን ነው። ከመጋረጃው ውጭ ግን ኅብስቱ የሚኖርበት ገበታ በሰሜን ወገን፣ ሰባት መብራት ያለው መቅረዝ በደቡብ ወገን ፊት ለፊት ቆሙ። ገበታና መቅረዝ በምንም አይመሳሰሉም፤ አንዱ ዝቅ ያለና ሰፊ ነው፤ አንዱ ቀጥ ያለና ቅርንጫፍ ያለው ነው፤ አንዱ ኅብስት ይይዛል፤ አንዱ ብርሃን ይሰጣል። ሰሎሞን ባሠራው ቤተ መቅደስም እንዲሁ ነው። ያቁምና ቦዔዝ የተባሉት ሁለት ዓምዶች በቀኝና በግራ ቆመው ነበር፤ ዐሥሩ የመታጠቢያ ሰኖችም አምስቱ በቀኝ፣ አምስቱ በግራ ሆነው ነበር፤ ትልቁ የናስ ኵሬ ግን አቻ ሳይሠራለት በቀኝ በኩል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተቀመጠ። መሳሰል በሚገባው ስፍራ ተመሳሰሉ፤ መለየት በሚገባው ስፍራ ተለዩ።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ይህ ነገር ሕያው ሆኖ ይታያል። በቅኔ ማኅሌት ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ይቆማሉ፤ ለቀኙም ቀኝ ጌታ፣ ለግራውም ግራ ጌታ አለው። አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ ሁለቱ ወገኖች ሁልጊዜ አንዱን ቃል በአንድ ጊዜ ቢጮኹት ኖሮ መቀባበል የሚባለው ነገር ከቶ ባልኖረ ነበር። በስቅለት ሥዕልም በመስቀሉ በአንዱ ወገን እመቤታችን፣ በሌላው ወገን ዮሐንስ ቆመው ይታያሉ። አንዷ እናት፣ አንዱ ወጣት ደቀ መዝሙር ነው፤ የልብሳቸው ቀለም ይለያል፤ የሐዘናቸውም መልክ ይለያል። ሥዕሉ ግን አያዘነብልም፤ ሁለቱም ወደ አንዱ ወደ መካከለኛው ይመለከታሉና። እንግዲህ ሚዛን ማለት መመለስ ነው፤ አንዱ ወገን ሲጠይቅ ሌላው ወገን በራሱ ድምፅ ይመልሳል።

«ይህ ሁሉ ለቤተ መቅደስ የተገባ ነው፤ ክርስቲያን ግን ስለ መኖሪያ ቤቱ ጌጥ መጨነቅ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ሰው ቢኖር፣ ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ከቅዱሳን ብዙዎቹ በዋሻና በምድረ በዳ ኖረዋል፤ ሶፋና መጋረጃ አልፈለጉም። ነገር ግን በመጽሐፈ ነገሥት ስለ ሱነማዊቱ ሴት የተጻፈው ይህን ነገር ያቃናዋል። ያች ሴት ነቢዩ ኤልሳዕ በደጃቸው እንደሚያልፍ ባየች ጊዜ ከባሏ ጋራ ተማክራ በሰገነቱ ላይ ትንሽ ክፍል አሠራች፤ በውስጡም አራት ነገር ብቻ አኖረች፤ ይኸውም አልጋ፣ ገበታ፣ ወንበርና መቅረዝ ነው። ደክሞ የሚመጣ ሰው የሚተኛበት ያስፈልገዋል፤ የሚበላበት ያስፈልገዋል፤ የሚቀመጥበት ያስፈልገዋል፤ ሲመሽም የሚያይበት ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ክፍሉ በጐደለ፣ አምስተኛ ቢጨመርም ምናልባት በበዛ ነበር። ሴቲቱ አስቀድማ የተመለከተችው ክፍሉን አልነበረም፤ ሰውየውን ነበረ። ዕቃው ሁሉ ከሰውየው ተለክቶ መጣ። ቤት ማስጌጥ እንዲህ ሲሆን ከፍቅር ሥራ አንዱ ነው፤ ይህ ሥርዓት በተገለበጠ ጊዜ ግን፣ ማለት ሰው ለዕቃው በተለካ ጊዜ፣ ያው ሥራ ክፉ ይሆናል።

ይህ መገልበጥ እንዴት እንደሚመጣ የአንድ ሰው ነገር ያስረዳል። አንድ የከተማ ሰው ብዙ ዘመን በኪራይ ቤት ከኖረ በኋላ የራሱን ቤት ሠራ፤ እልፍኙንም ለማስጌጥ ብዙ ገንዘብና ብዙ ትጋት አወጣ። በቀኝና በግራ አንድ ዓይነት ሶፋ፣ በየሶፋው አጠገብ አንድ ዓይነት መብራት፣ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ቡፌ፣ ከቡፌውም በላይ በአንድ ልክ የተሠሩ ሁለት ሥዕሎች አደረገ። ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ ግን አንድ ነገር ዓይኑን ይወጋው ነበር። አሮጊት እናቱ ከገጠር ይዘዋት የመጡት በርጩማ በመስኮቱ አጠገብ ነበረች፤ በዚያችም ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ፣ መንገደኛውንም ይመለከቱ ነበር። በርጩማዪቱ ጥቁር ናት፤ ከብዙ መቀመጥ የተነሣ ለስልሳለች፤ በሌላው ወገን አቻ የላትም። ስለዚህ ሰውየው «እማማ፣ ጓዳው ይሞቃል፤ ለእርስዎም ይሻላል» ብሎ በርጩማዪቱን ወደ ጓዳ አስገባት። እናቱም «እሺ ልጄ፤ ቤትህ ይመርልህ» ብለው እንዝርታቸውን ይዘው ገቡ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የንስሐ አባታቸው አዲሱን ቤት ጠበል ሊረጩ መጡ። ባለቤቱም ከሶፋው ላይ ሊያስቀምጣቸው ሲል ቄሱ ቆመው እልፍኙን ተመለከቱ፤ ውበቱንም አመሰገኑ፤ ከዚያም «እናትህስ ወዴት አሉ?» ብለው ጠየቁ። «በጓዳ ናቸው አባቴ፤ አሁን እጠራቸዋለሁ» አላቸው። እርሳቸው ግን «ግድ የለም፤ እኔ እሄዳለሁ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ፤ በእህል ጆንያ ላይም ተቀምጠው ከአሮጊቲቱ ጋራ ብዙ ተጫወቱ፤ ጸሎቱንም በዚያው አደረሱ። ባለቤቱ በአንድ ልክ በተደረደሩት ወንበሮች መካከል ብቻውን ቆሞ ቀረ። ቄሱ ሲወጡ አልገሠጹትም፤ የተናገሩት «ልጄ፣ ቤትህ አምሯል፤ የሚኖርበትን ሰው ግን ከጓዳ አገኘሁት» የሚል ብቻ ነበር።

የዚህ ሰው ስሕተት ወዴት ነው? ሚዛን መፈለጉ ስሕተት አልነበረም፤ ዓይን የተፈጠረችው ለዚያ ነውና። ስሕተቱ በአመዛዘኑ ነው። በርጩማዪቱን እንደ እንጨት መዘናት፤ በእርስዋ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ግን በሚዛኑ አላገባም። ደግሞም ሁለት መመዘኛ ይዞ ተገኘ፤ አንዱን ለሚመጣው እንግዳ፣ አንዱን ለቤተ ሰቡ። ኦሪት ዘዳግም በከረጢት ውስጥ ትልቅና ትንሽ የሆኑ ሁለት የሚዛን ድንጋዮች መያዝን ይከለክላል፤ ነጋዴ በአንዱ እየገዛ በሌላው እየሸጠ እንዳያታልል ነው። በእልፍኝ ለእንግዳ የሚከብድ ድንጋይ፣ በጓዳ ለእናትና ለልጅ የሚቀል ድንጋይ የሚያኖር ባለቤትም ከዚያ ነጋዴ የተለየ አይደለም። የአገራችን ሰው «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» የሚለው ተረት ስለ ሰው ጠባይ የተነገረ ነው፤ ዳሩ ግን ስለ ብዙ ቤት አሠራርም ሊነገር ይችላል። ስንት ቤት አለ፣ እልፍኙ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚመጣ እንግዳ ተቈልፎ ተጠብቆ፣ ልጆች በጠባብ ጓዳ ተጨናንቀው ትምህርታቸውን የሚያጠኑበት!

ምናልባት አንድ ሰው «መልካም ሥርዓት ያለው እልፍኝ የሰውን ልብ ያስተካክላል፤ ስለዚህ ዓይን ከተስተካከለ ልብ ይከተላል» ይል ይሆናል። በዚህ ንግግር ጥቂት እውነት አለ፤ በንጹሕና በተሰናዳ ቤት ያደገ ልጅ ሥርዓትን ሳይነግሩት ይማራልና። ነገር ግን ነገሩ ዋስትና የለውም። በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ ቤተ መንግሥት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1678 እስከ 1684 የተሠራ የመስተዋት አዳራሽ አለ። በአንዱ ወገን ወደ አትክልቱ ስፍራ የሚመለከቱ 17 መስኮቶች አሉት፤ በሌላው ወገን በየመስኮቱ ፊት ለፊት በመስተዋት የተሸፈኑ 17 ቅስቶች አሉት፤ የመስተዋቱም ቍጥር 357 ነው። በዚህ አዳራሽ በጥር 18 ቀን 1871 ድል ያደረጉት ጀርመኖች በተሸነፈችው በፈረንሳይ ምድር ቆመው ንጉሠ ነገሥታቸውን አወጁ። በሰኔ 28 ቀን 1919 ደግሞ ፈረንሳዮች ተራቸው ደርሶ የተሸነፉትን የጀርመን መልእክተኞች ወደዚያው አዳራሽ ጠርተው የሰላሙን ውል አስፈረሟቸው። ሃያ ዓመት ቈይቶ በ1939 ከፊተኛው የሚብስ ጦርነት ተነሣ። ግድግዳዎቹ በዚያ ሁሉ ዘመን አልተዛነፉም፤ መስኮቱና መስተዋቱ እንደ ተተያዩ ነበሩ፤ በመካከላቸው የተቀመጡት ሰዎች ግን በተራ ተዋረዱ፤ በተራም አዋረዱ። መስተዋት የፊቱን መልክ ይመልሳል፤ ፍርድን ግን አይመልስም።

ስለዚህ ነገር ነቢያትም ዝም አላሉም። ኤርምያስ፣ ንጉሡ ኢዮአቄም ሰፊ ቤት በዝግባ እንጨት አስለብጦ፣ በቀይ ቀለምም አስቀብቶ ሲሠራ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ስለ ከለከለ ወቀሰው። የእንጨቱና የቀለሙ ውበት አልተካደም፤ ያልተከፈለው ደመወዝ ግን ከዝግባው ሁሉ ከበደ። ዛሬም አናጢውን «ነገ ና» እያለ የሚያመላልስ ሰው በእልፍኙ ያለው ቡፌ ምን ቢያምር፣ ቤቱ በአንድ ወገን እንዳዘነበለ ይወቅ። በብልጣሶርም ግብዣ ጽሕፈቱ የታየው በመቅረዙ ፊት ለፊት በተለሰነው ግድግዳ ላይ ነበረ፤ ከተጻፉትም ቃላት አንዱ፣ ንጉሡ ተመዝኖ ቀልሎ መገኘቱን የሚያስረዳ ነበር። ሺህ መኳንንት በተቀመጡበት አዳራሽ ሁሉም ዕቃውንና ወይኑን ሲመለከቱ፣ የተመዘነው ባለቤቱ ነው።

ከሩቅ ምሥራቅ የተገኘ አንድ ሌላ ሥርዓት ደግሞ ከቬርሳይ ጋራ ሲያነጻጽሩት ያስተምራል። በጃፓን አገር ከ1522 እስከ 1591 የኖረው ሴን ኖ ሪክዩ የተባለው የሻይ ሥርዓት መምህር ሠራው የሚባል፣ ታይአን የተሰኘ የሻይ ቤት አለ፤ ስፋቱ ሁለት የሣር ምንጣፍ የሚያህል ብቻ ነው። የእንግዳ መግቢያው ቁመት ከአንድ ሜትር በታች ስለ ሆነ መስፍንም ሆነ ተራ ሰው ጐንበስ ሳይል አይገባም። እንዲህ ባለው ቤት ቀኝና ግራን በአንድ ዓይነት ዕቃ ማስተካከል አይፈቀድም፤ ኦካኩራ ካኩዞ በ1906 ስለ ሻይ ባሳተመው መጽሐፉ እንደ ገለጸው፣ ሕያው አበባ በተቀመጠበት ክፍል የአበባ ሥዕል አይሰቀልም። የቀረው ስፍራ ባዶ ይተዋል፤ ባዶነቱም ለእንግዳው የተጠበቀ ነው። በዜማ ዕረፍት ባይኖር ዜማው ጩኸት ይሆናል፤ በእልፍኝም ባዶ ስፍራ ባይኖር ቤቱ መጋዘን ይሆናል። በዛሬው ከተማ በፎቅ በተሠሩት ጠባብ ቤቶች የሚኖር ሰው ይህን ቢያስብ ይጠቅመዋል፤ ስፍራ ያነሰው ሰው የሚያስፈልገው ዕቃ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነውና።

የዚያ ባለቤት ነገር ወዴት ደረሰ ቢሉ፣ በዚያው ሳምንት በርጩማዪቱን ከጓዳ አውጥቶ ወደ መስኮቱ መለሳት። ከዚህም በኋላ እልፍኙ ተዛነፈ እያለ አልተቀመጠም፤ እንደገና መመዘን ጀመረ። ከመንትዮቹ ሶፋዎች በመስኮቱ በኩል የነበረውን አወጣ፤ የቀረውን ወደ መካከል አስጠጋ። ትንሿ ጥቁር በርጩማ በሩቁ ማዕዘን ሆና፣ የመስኮቱ ብርሃን ሲያግዛት፣ ትልቁን ሶፋ አነሣችው። ከሁለቱ ሥዕሎች አንዱን አወረደ፤ ስፍራውንም ባዶ ተወው። አንዱን መብራት ለእናቱ አቀረበላቸው፤ ሲመሽ ክሩን እንዲያዩበት ነው። ሁለቱ ወገኖች ከዚያ ወዲህ ከቶ አልተመሳሰሉም፤ ነገር ግን እንደ ቀኝ ጌታና እንደ ግራ ጌታ ወገን ይመላለሱ ነበር። የሚመጣውም እንግዳ አስቀድሞ የሚያየው አሮጊቲቱን ነበር፤ ሰላም ብሏቸው ከተመረቀ በኋላ ይቀመጣል። ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት ከባለጸጎቹ ሁሉ አብልጣ እንደ ሰጠች በወንጌል ተጽፏል፤ ትንሽ ነገር ትልቁን ማንሣት እንደሚችል ይህም ያስረዳል።

ነገር ግን ሁለቱ ሚዛኖች ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ከባዱም ጥያቄ ይህ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አሮጊቲቱ ታመሙ፤ ጓዳው ጨለማና ጠባብ ስለ ነበረ አልጋቸው ከእልፍኙ መካከል ተዘረጋ። ከአልጋው ጋራ መድኃኒቱ፣ ሳሕኑ፣ ብርድ ልብሱ መጣ። ይህን ሊያስተካክል የሚችል የዓይን ሕግ አልነበረም፤ እልፍኙ ክረምቱን ሁሉ ተዛንፎ ከረመ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማን ለማን ይሸነፍ? ሊሸነፍ የሚገባው የዓይን ሚዛን ነው። ስለ ምን ቢሉ፣ ሰንበት ስለ ሰው እንደ ተፈጠረች ሁሉ እልፍኝም የተሠራው ስለ ሰው ነው። በሽተኛ ተኝቶበት የተዛነፈ ቤት፣ በሽተኛው ወደ ጓዳ ተገፍቶ ከተስተካከለ ቤት ይልቅ የቀና ነው። በዚያም ክረምት የመጣው ጠያቂ ሁሉ አልጋውን ከብቦ ይቀመጥ ነበር እንጂ «ቤቱ ተዛነፈ» ያለ አልተገኘም፤ ቤቱ ሳይታሰብ እንደ ገጠሩ ክብ ቤት ሆኖ ነበር፤ ምሰሶውም የታመሙት እናት ነበሩ።

እርሳቸው ካረፉ በኋላ አልጋው ተነሣ። ባለቤቱ በመስኮቱ አጠገብ ያለችውን በርጩማ ግን አላነሣትም። ማንም እንዳይቀመጥባት የከለከለ የለም፤ የሚቀመጥባትም አልነበረም። በዓይን ሕግ ባዶ ስፍራ ቀላል ነው ይባላል፤ በዚያ እልፍኝ ግን ከዕቃው ሁሉ ይልቅ ያ ባዶ ስፍራ ይከብድ ነበር። አስቀድሞ በርጩማዪቱን እንደ እንጨት የመዘናት ሰው፣ ክብደትዋ ከምን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ፈጽሞ አወቀ።

እንግዲህ ቤቱን የሚያስጌጥ ሰው ቡፌውን ወዴት እንደሚያኖር ከማሰቡ በፊት በቤቱ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ያስብ። አረጋዊው ብርሃን የሚያገኝበት፣ ልጁ የሚያጠናበት፣ የቤት ሠራተኛዪቱ ደክሟት የምታርፍበት፣ እንግዳው ሳይሳቀቅ የሚቀመጥበት ስፍራ ይኑር። ከዚህ በኋላ ዓይኑን ይስማ፤ የከበደውን ወደ መካከል ያቅርብ፤ የቀለለውን ወደ ዳር ያርቀው፤ ጥቁሩን በብርሃን ይርዳው፤ ለዓይንም የሚያርፍበት ባዶ ግድግዳ ይተውለት። የአገራችን ሰው ወደ አዲስ ቤት የገባውን ጎረቤቱን ሲጠይቅ «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። የቀደሙት ሰዎች ለአዲስ ቤት ምርቃት ከመረጡት ነገር ውስጥ ወንበርና መጋረጃ የለም፤ በደጅ የታሰረች፣ እናቷን የምትጠራ ጥጃ ናት። ቤት የሚመረቀው በውስጡ ነፍስ ያለው ነገር እንዲኖርበት ነው፤ የእልፍኝም ሚዛን የሚጀምረው ከዚያ ነው።